የእማማ ጌርዳ ቀይ ማሰሪያ

በዚያ ጠዋት ከእማማ ጌርዳ ዙምባክ እርሻ የደረስኩት ከወትሮው ቀደም ብዬ ነው። ከእሳቸው በፊት የምጭንላቸው ጎረቤት የወተት ማቀዝቀዣቸው ተበላሽቶባቸው «ዛሬ እለፈን» ስላሉኝ ነበር። ባያሳልፉኝ ኖሮ ኡርሱላን ባላገኘኋት፤ ቀጥሎ የምጽፈውንም ነገር ባልሰማሁ።

ሥራዬ ከእርሻ እርሻ እየዞርኩ ወተት በቦቴ ሰብስቤ ወደ አይብ ፋብሪካ ማድረስ ነው። ወተት የሚጭን ሰው በየቤቱ ብዙ ይሰማል፤ ያልሰማ መስሎ መውጣትንም ይለምዳል። በእኛ በደቡብ ዊስኮንሲን ሰው ስለ ላሙ ጤና ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ስለ ራሱ ጤና ግን አያወራም። ላም ታማ መድኃኒት ስትወስድ እግሯ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርላታል። ያንን ያየ አላቢ ሁሉ ወተቷን ከሌላው አይቀላቅልም። ሰው ሲታመም ግን ምንም አይታሰርለትም። እሱም ዝም ይላል፤ ጎረቤቱም ዝም ይልለታል።

ኡርሱላ የእማማ ጌርዳ የእኅት ልጅ ናት። ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆርሞን ከጡት ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት በሚያጠና ክፍል ትሠራለች። እኔ የወተቱ ገንዳ ወዳለበት ወተት ቤት ስገባ የላሞቹ መድኃኒት ከሚቀመጥበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ፊት ተንበርክካ ነበር። አክስቷ ከበረት ሆነው «የግቱን መድኃኒት አምጪልኝ» ብለው ልከዋታል። በአንድ እጇ የላሚቱን መድኃኒት ይዛለች። በሌላው እጇ ደግሞ አንድ የክኒን ብልቃጥ ይዛ ትክ ብላ ታየዋለች። እንደምን አደርሽ ብላት አልሰማችኝም።

ወዲያው እማማ ጌርዳ ቀዩን ማሰሪያ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ የጎማ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«አክስቴ፣ ይህ የማን ነው?» አለች ኡርሱላ ብልቃጡን ከፍ አድርጋ።

«ስም አለበት አይደል? አንብቢው፤ ተምረሻል።»

«የእርስዎ ስም ነው ያለበት። ደግሞ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያው ሙሉ ነው። እሱን ተይና የላሚቱን አቀብዪኝ፤ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ትጠብቅ።»

«ላም ጠብቂ ቢሏት ትጠብቃለች? ከተማ ከገባሽ ወዲህ ይህንንም ረሳሽ!»

ኡርሱላ ተነሥታ ቆመች። «በደወልኩ ቁጥር እየዋጡ እንደሆነ ይነግሩኝ አልነበረም?»

«እኔ? እኔ ‹ደኅና ነኝ› ነው ያልኩሽ። ‹ጎበዝ፣ እየዋጡ ነው ማለት ነው› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ዝም አልኩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ከእማማ ጌርዳ ግራ ጡት ዕባጭ ወጥቶላቸው ነበር። ጨረርም ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪማቸው በየቀኑ አንድ ክኒን ለአምስት ዓመት እንዲውጡ አዘዙላቸው። ከላም መድኃኒት ጀርባ ተደብቆ የተገኘው ያ ክኒን ነው።

«የወጣልዎ የሚታየው ነው» አለች ኡርሱላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማይታይ ዘር ቀርቶ እንደሆነ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ጡት ላይ ብቻ አይደለም፤ አጥንት ላይ፣ ሳንባ ላይ ይወጣል። እናቴን አይተዋታል።»

«አይቻታለሁ። አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ያነሣኋት ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ በእናትሽ አታስፈራሪኝ።» ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ዌንዴል፣ ምን ታፈጣለህ? ጭነህ አትሄድም?»

«ወተቱ መማሰል አለበት፣ እማማ ጌርዳ። ሳይማሰል ናሙና አይወሰድም» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እንግዲያው ጆሮህንም አብረህ አማስለው።»

የገንዳውን ማማሰያ አስነሣሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ትቼው መውጣትም አልችልም። እንግዲህ ሳልወድ በግዴ ምስክር ሆንኩ።

«አክስቴ፣ አልቆጣዎትም» አለች ኡርሱላ። «ምክንያትዎን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ምክንያት ነው የምትፈልጊው? መንገድ ዳር ያለውን ሰሌዳ አይተሽ ነው የገባሽው?»

«‹ላሞቻችን ሆርሞን አይወጉም› ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ክራባት ያሰሩ ሰዎች መጥተው ‹ይህን መርፌ ውጓቸው፤ ወተት ይጨምራል፤ ምንም ጉዳት የለውም› አሉን። የታችኛው ጎረቤታችን አስወጋ። ወተቱ ጨመረ፤ አልዋሽም። ግን የላሞቹ ግት ይቆጣ ጀመር፤ በረቱ በቀይ ማሰሪያ ተሞላ። እኔ እምቢ ስል ‹ኋላ ቀር› ተባልኩ። ኋላ ግን ሰሌዳዬን እያዩ ከእኔ የሚገዙት በዙ።»

«ያ የላም ነው።»

«የሰውም አለልሽ! እናትሽ የወር አበባዋ ሲቆም ወበቅ እያነደዳት እንቅልፍ አጣች። ሐኪሙ ሆርሞን ሰጣት። ‹ወበቁንም ያጠፋልሻል፤ ልብሽንም አጥንትሽንም ይጠብቅልሻል› አላት። ዓመት በዓመት ዋጠችው። ከዚያ ታመመች። ከዚያ ደግሞ በዜና ‹ያ ሆርሞን የጡት ካንሰር ያበዛል› ተባለ። ማን መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ? ማንም! አሁን እነዚያው ሰዎች ‹የሆርሞን ሕክምና› ብለው ሌላ ብልቃጥ ሲያቀብሉኝ እጄን ልዘርጋ? ሁለተኛ አልሞኝም።»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ እኔም በልቤ ለእማማ ጌርዳ ፈርጄ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ በሐኪም ቃል እኅቱን ከቀበረ፣ መጠራጠሩ ከድንቁርና አይቆጠርም። ኡርሱላም ይህን የተረዳች መሰለኝ፤ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና አክስቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«በጥርጣሬዎ አልፈርድብዎትም» አለች። «በእናቴ ላይ በሽታውን ያመጣው ያ ክኒን ይሁን ሌላ፣ ስለ አንዲት ሴት ብቻ ለይቶ የሚናገር ማንም የለም። የብዙ ሴቶች ነገር ሲታይ ግን አደጋውን ከፍ ማድረጉ እውነት ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ማን አወቀው?»

«ዜናው ነዋ።»

«ዜናው ከየት አመጣው? አዲስ መኖ ሲገዙ ምን ያደርጋሉ?»

«ለአንዱ ረድፍ እሰጣለሁ፤ ለሌላው ረድፍ የድሮውን። ከዚያ አያለሁ።»

«እንዲሁ ነው የተደረገው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ፈቅደው ገቡ። ለገሚሶቹ ሆርሞኑ ተሰጠ፤ ለገሚሶቹ ምንም የሌለበት ክኒን። የትኛዋ የትኛውን እንደምትውጥ ራሷም አታውቅም፤ የሚሰጣትም ሰው አያውቅም።»

«ታዲያ ገሚሶቹን አታለሏቸው በይኛ!»

«ተነግሯቸው፣ ተስማምተው ነው። ሆርሞኑን በሚውጡት ላይ ካንሰሩ ሲበዛ ጊዜ ጥናቱ ቆመ፤ ለሁሉም ተነገረ። ያን ሐኪም ያረመው ጥናት ነው፤ የኔም ሥራ እንዲህ ያለ ጥናት ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ይህን ትምህርት የመረጥኩት ለምን ይመስልዎታል? እኔም እንደ እርስዎ ስለተጠራጠርኩ ነው።»

እማማ ጌርዳ ቀዩን ማሰሪያ በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ደግሞ ፈቱት።

«በሰው ቁጥር ይሁን በወር፣ ስንት ይከፍሉሻል? አክስትሽን ካስዋጥሽ ይጨምሩልሻል?»

«ምነው አክስቴ!»

«መጠየቅ ነውር ነው? እሺ፤ ቀጥዪ። ግን ሆርሞን ገደለ ብለሽ ሆርሞን ስታስውጪኝ፣ እንዴት አድርገሽ እንደምታስታርቂው ልይ።»

«ይህ ክኒን ሆርሞን አይጨምርም። ያግዳል። እስቲ በረቱን ያስቡት። እያንዳንዷ ላም አንገቷን አስገብታ የምትቆምበት የራሷ ቦታ አላት አይደል?»

«በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ ቦታቸውን ለኔ ልታስረጂ ነው?»

«አንዲት አዲስ ጊደር የአሮጊቷን ቦታ ብትይዝባትስ?»

እማማ ጌርዳ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። «ጉድ ይፈላል። አሮጊቷ መተላለፊያው ላይ ቆማ ትጮኻለች። አጠገቧ ክፍት ቦታ እያለ አትገባም። የራሷን ካላገኘች አትበላም።»

«የእርስዎ ዕባጭ ሕዋሶች ላይም እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከደም መጥቶ እዚያ ቦታ ላይ ይገባና ‹ተባዛ› የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ሕዋሱም ይታዘዛል፤ ይባዛል። ይህ ክኒን ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። ራሱ ግን ያን ትእዛዝ አይሰጥም። ሆርሞኑ መጥቶ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል።»

«መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይጮኻል።»

«ይጩኻ! ቦታውን እስካልያዘ ድረስ ሕዋሱ ትእዛዝ አያገኝም።»

«እና ይህንን ሁሉ ሐኪም ነው በራሱ ያሰበው?»

«መነሻው ከእናንተ ነው» አለች ኡርሱላ፤ አሁን ፊቷ ፈካ አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት በስኮትላንድ አንድ ሐኪም ነበር። አንዳንድ ላም አርቢዎች የወለደች ላም የእንቁላል ዕጢዋን ካስወጡላት ወተቷ ቶሎ እንደማይነጥፍ ያውቁ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሰማና ‹እንግዲያው ጡትን ከሩቅ ሆኖ የሚያዝዘው ሌላ የሰውነት ክፍል አለ› ብሎ አሰበ። የጡት ካንሰር የጠናባትን ሴት የእንቁላል ዕጢዋን ሲያወጣላት ዕባጩ ሟሸሸ። በሁሉም ላይ ግን አልሠራም። ለምን በሁሉም ላይ እንዳልሠራ ለማወቅ ደግሞ ስንት ዘመን ፈጀ።»

«ከላም አርቢ ሰምተው እኛን መልሰው ያስተምሩናል!» አሉ እማማ ጌርዳ። ቢሆንም የተቀየሙ አይመስሉም ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው ጠየቁ። «ጉዳቱስ? ይህ ክኒን ምን ያመጣል?»

ኡርሱላ ብልቃጡን በእጇ አዟዟረች። ብትደብቅ የሚቀላት ጊዜ ነበር።

«ወበቅ ያመጣል፤ እናቴን ያነደዳትን ዓይነት። በጥቂት ሴቶች ላይ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋል። እግርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው። በጥቂቶች ላይ ደግሞ የማሕፀን ካንሰር ያመጣል። ደም ከታየዎ ሳይውሉ ሳያድሩ መናገር አለብዎት።»

«ካንሰር ለማጥፋት ካንሰር!»

«በጥቂቶች ላይ ነው ያልኩዎት። በሌላው ወገን ደግሞ ክኒኑን በደንብ ከወሰዱት፣ በሽታው ይመለስባቸው ከነበሩት ሴቶች ግማሽ ለሚጠጉት አይመለስም። ሁለቱን መዝኜ ነው የምለምንዎት።»

እማማ ጌርዳ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «‹ምንም ጉዳት የለውም› ብትዪኝ ኖሮ አሁኑኑ ከእበቱ ጋር ነበር የምደፋው። ይህንን ለመስማት ነው የጠየቅኩሽ።»

እኔ በዚህ ጊዜ ማማሰያውን አቁሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ በተቀቀለው ጭልፋ ናሙና ወስጄ በትንሿ ጠርሙስ ከተትኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እማማ ጌርዳ ግን እጄ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ።

«ዌንዴል፣ ናሙና ሳትወስድ ጭነህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ብትቸኩልስ? የማውቃቸው ሰዎች ናቸው ብትልስ?»

«አንዱ ወተት መድኃኒት ካለበት ቦቴው ሙሉ ነው የሚደፋው፣ እማማ። ናሙና ካልወሰድኩ ቱቦውን አልሰካም።»

«ሰማሽ?» አሉ ወደ ኡርሱላ ዞረው። «መኖ ነጋዴው ለሁሉም እርሻ ያንኑ ከረጢት ያራግፋል። ሐኪሙም ክኒኑን ያዘዘልኝ እንዲሁ ለመጣችው ሴት ሁሉ እንደሚያዝዘው ነው። አንቺ ራስሽ ‹በሁሉም ላይ አልሠራም› ብለሻል። የእኔ ዕባጭ ያን ቦታ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል?»

«ታውቋል እኮ! ዕባጩ ሲወጣ ናሙናው ተመርምሯል። ቦታው ባይገኝበት ኖሮ ይህን ክኒን አያዝዙልዎትም ነበር።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ተነግሮዎት ይሆናል፤ በሐኪም ቋንቋ።»

እማማ ጌርዳ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄዱ። ሐኪም ቤት ደውለው ነርሷን አስጠሩ። ኡርሱላ ልትናገር ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ጌርዳ ዙምባክ ነኝ… አዎ፣ ደኅና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ይህን ክኒን መቼም ጡቷን የታመመች ሴት ሁሉ ትወስደዋለች፣ አይደል?»

ሆን ብለው አጣመው መጠየቃቸው ነው። ነርሷ «አዎ» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሷ ድምፅ አይሰማንም፤ የእማማ ጌርዳን ፊት ብቻ ነው የምናየው። ኡርሱላ ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች።

«ሁሉም አይደለም?… ለምን?… የእኔስ?… ቆይ፣ መልሰሽ በዪልኝ፤ ቀስ ብለሽ… አብዛኛው ሕዋስ?… በጣም ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?… እሺ። የለም፣ ምንም አልሆንኩ። አመሰግናለሁ።»

ስልኩን ሰቀሉት። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

«ያ ቦታ የእኔ ዕባጭ ላይ በጣም ብዙ ነው አለች» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ክኒኑ የሚሠራው እንደ እርስዎ ላሉት ነው» አለች ኡርሱላ። «አሁን ይወስዱታል?»

እማማ ጌርዳ ወደ እኛ ዞሩ። ማሰሪያውን እንደያዙ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ እስካሁን ከተናገሩት ሁሉ ይህኛው ዝግ ያለ ነበር።

«ወስጄው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት። ይህችን ማሰሪያ እጄ ላይ አስሬ።»

«ምን ለማለት?»

«አትሳቂብኝ። ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማስተምረው ነገር ነው፤ መድኃኒት የወሰደ ከወተቱ ይርቃል። ከጣቴ ይንጠባጠባል ብዬ አይደለም፤ ያን ያህል አልጃጃልኩም። ግን ሕግ ነው። በረት አልገባሁም። መስኮት ላይ ተቀምጬ ልጄ ላሞቹን ሲያስገባ ሲያወጣ አየሁ። ያለ እኔም ይታለባሉ፣ ኡርሱላ። መቅረቴን ማንም ልብ አላለም። ከዚያ አሰብኩት። ለጥቂት ቀን ማሰሪያ የታሰረላት ላም ትመለሳለች። አምስት ዓመት የሚታሰርላት ላም ግን በማን በረት ትቀመጣለች? ጭነው ይሸጧታል። ስለዚህ ፈታሁት፤ ክኒኑንም ተውኩት፤ ወደ ላሞቼ ተመለስኩ።»

እኔ ዓይኔን ከወተቱ አላነሣሁም። ከሰሌዳው፣ ከክራባቶቹ፣ ከዜናውም ጀርባ የነበረው ፍርሃት ይህ ነበር። ሰው መድኃኒትን የሚጠራጠርበት ብዙ ምክንያት ይደረድራል፤ እውነተኛውን ግን ከሁሉም ኋላ ያስቀምጠዋል።

ኡርሱላ ተነሥታ የአክስቷን እጅ ያዘች። «አክስቴ፣ ላሚቱን ማሰሪያ የምናስርላት ለምንድን ነው?»

«መድኃኒቱ ሌላ ሰው ብርጭቆ ውስጥ እንዳይገባ።»

«የእርስዎ መድኃኒት ማን ብርጭቆ ውስጥ ይገባል?»

እማማ ጌርዳ እጃቸው ላይ ያለውን ማሰሪያ አዩት።

«ክኒኑ ከሥራ የሚያስወጣ አይደለም» አለች ኡርሱላ። «ሥራዎ ላይ እንዲቆዩ ነው። ደግሞ ስለ መሸጥ ካነሡ አይቀር፣ ይህ ክኒን ራሱ መጀመሪያ የተሠራው ለእርግዝና መከላከያ ነበር። አልሠራም። የማይረባ ተብሎ ሊቀር ነበር። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ‹ቆይ፣ ለሌላ ነገር ይሆን እንደሆነ እንየው› አሉ።»

«ከመንጋ የተባረረች ላም ነው እንዴ የምታስውጪኝ!» አሉና እማማ ጌርዳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ስጪኝ እስቲ። ማዋጫ ወተት እቀዳለሁ።»

ጭልፋ አንሥተው ወደ ገንዳው ሲሄዱ እኔ ደነገጥኩ። «እማማ ጌርዳ! ናሙና ከተወሰደ በኋላ ገንዳው አይነካም!»

«እህ፣ አንተ ደግሞ! ልክ ነህ። ውኃ ስጠኝ።»

ከቧንቧው ቀድቼ ሰጠኋቸው። ዋጡት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየጉዞዬ አያቸዋለሁ። ወበቁ ሲነሣባቸው ከላሞቹ ጋር ከትልቁ ማራገቢያ ፊት ይቆማሉ፤ «ቦታዬን ልቀቂ» እያሉ ላሞቹን ሲገፉ ሰምቻለሁ። ከእርሻ ሴቶች አንዷ ስትታመም ወደ እሳቸው ትደውላለች። እሳቸውም «ናሙናሽን መርምረውታል? ምን ተገኘበት? ክኒኑ ምን ጉዳት አለው? እስኪመልሱልሽ ጠይቂያቸው፤ ከመለሱልሽ ደግሞ ዋጪው» ይሏታል። ጥርጣሬያቸውን አልተዉም። አሁን ግን ወደ ሐኪማቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ መልስም ያገኙበታል። በዝምታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደብቀውት ቢሆን ኖሮ የሚያተርፈው በሽታው ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ቱቦዬን ስጠቀልል የበረቱ በር ክፍት ነበር። እማማ ጌርዳ ጎንበስ ብለው ለታመመችው ላም መድኃኒቷን ሰጡና ቀዩን ማሰሪያ እግሯ ላይ አሰሩላት። ኡርሱላ አጠገባቸው ቆማ ጭራዋን ይዛላቸዋለች።

«አንቺ ለጥቂት ቀን ነው» አሏት ላሚቱን ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ። «የኔው አምስት ዓመት ነው። ግን ማሰሪያው ላንቺ ይሁን፤ እኔ ማለብ አለብኝ።»